ከተራራው ማዶ የተሰማው ማስነጠስ

ምስጋኑ ከአሮጌው የአንቴና ምሰሶ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኖቹ እንደተገለጡ ተገኘ። ኢንስፔክተር አሰለች ከላሊበላ ከተማ ወደ ተራራው ስትወጣ ሬሳው ላይ ለምርቃት የተዘጋጀ ሸራ ተጥሎበት ነበር። «እንኳን ወደ ኤፍ ኤም በሰላም ተሸጋገርን» ይላል፤ ፊደሎቹ በሟቹ ሆድ ላይ ተጨማድደዋል።

«ሌላ መሸፈኛ ጠፋ?» አለች።

«የራሴን ጋቢ ላለብሰው ነበር» አለ ዘበኛው ቢተው። «አቶ ደሳለ ናቸው ተው ያሉኝ። ሸራው ትርፍ አለው አሉ።»

የሬዲዮ ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ደሳለ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከኋላ ቆሟል። «ምሰሶውን ሲፈታ አዳልጦት ነው የወደቀው። ኢንስፔክተር፣ ነገ ከበላይ እንግዶች ይመጡብናል፤ ቶሎ ቢያነሱልን።»

አሰለች ሸራውን ገልጣ አጥንቱን ዳበሰች፤ የተሰበረ የለም። የምሰሶ መውጫ ቀበቶው እንደተጠቀለለ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። የሟቹን መዳፎች ገለበጠቻቸው። ሁለቱም ከስለዋል።

«ያልወጣ ሰው ከየት ይወድቃል?» አለች፣ ለራሷ ያህል።

ጣቢያው ለብዙ ዘመን በኤ ኤም ሲሠራ ድምፁ ተራራ አያግደውም ነበር፤ ሲመሽማ ቀይ ባሕር ማዶ ድረስ ይሰማል ይባላል። ትናንት ጠዋት ኤ ኤሙ ተዘጋ፤ ሥርጭቱ ወደ አዲሱ ኤፍ ኤም ዞረ። አሮጌውን ምሰሶ እንዲያፈርስ የታዘዘው ራሱ ያቆመው ቴክኒሻን፣ ምስጋኑ ነበር።

አሰለች መጀመሪያ ቢተውን ጠየቀች።

«ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅዎትም። የመዳብ ሽቦ ጠፋ ብሎ ሰው ፊት ሌባ ብሎኛል» አለ። «ትናንት ምሳ እንደበላን ገመድ አምጣ ብሎ ከተማ ላከኝ። መሽቶብኝ እዚያው አድሬ ዛሬ ጠዋት ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«የኤ ኤሙን ማሰራጫ ማስነሣት ትችላለህ?»

«እኔ? ቅደም ተከተሉን የሚያውቁት እሱና አቶ ደሳለ ናቸው። ሌላ ሰው ከነካው በራሱ ይጠፋል።»

የፕሮግራም አቅራቢዋ ማኅሌት ከተማ ባለው ስቱዲዮ ውስጥ ነበረች፤ እንባ የለባትም። «ድምፅሽ ዝገት ነው ይለኝ ነበር። ስለሞተ አላለቅስም። ከምሳ በኋላ ግን እዚህ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ነበርኩ። አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ስንዴ ዋግ አነጋገርኩ፤ ሰውየው ማይኩ ላይ አስነጠሰብኝ።»

«ምስጋኑና አቶ ደሳለስ ይስማሙ ነበር?»

ማኅሌት ወደ በሩ አየች። «አቶ ደሳለ ኤፍ ኤሙ ላስታን በሙሉ ይሸፍናል ብለው ለበላይ አስታውቀዋል። ለሹመትም ታጭተዋል። ምስጋኑ ደግሞ ከተራራው ማዶ አይደርስም፣ ለእንግዶቹ እናገራለሁ ብሎ ዝቶ ነበር።»

ደሳለ ቢሮው ውስጥ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ምስጋኑ አብሮ አደጌ ነው። እናቱ ቤት በልቼ ነው ያደግኩት» አለ። «ትናንት ከቀትር በኋላ በይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ፣ ከተራራው ጀርባ የሥርጭቱን ጥራት በመኪናዬ ሬዲዮ እፈትሽ ነበር። ማኅሌትን ሰማኋት፤ የእንግዳዋ ማስነጠስ እንኳ አላመለጠኝም። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው!»

አሰለች በዚያው መንገድ ሄደች። ተራራውን እንደታጠፈች የመኪናዋ ሬዲዮ እሽሽ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አልተናገረበትም።

የሟቹ እናት እማማ ውባንቺ ከመንገዱ ዳር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች ገና አልደረሱም። አሰለች እንደ መንገደኛ ውሃ ለመነችና ሬዲዮ ይሰሙ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ትናንት ጠዋት ድምፁ ጠፋብኝ፣ ልጄ። ከምሳ በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ! ስለ ስንዴ ዋግ የሚያወራው ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ አልኩት። ምስጋኑ ነው ያስመለሰልኝ ብዬ እልል አልኩ።»

አሰለች ውሃውን ሳትጨርስ ተነሣች።

በማግስቱ እንግዶቹ ሳይደርሱ ሦስቱንም ማሰራጫ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው ላይ ስቱዲዮው የሚልከውን ሁሉ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል።

«ኤ ኤም ሲሠራ ያ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች በኤሌክትሪክ ኃይል ይሞላል» አለች። «መሬት ቆሞ የነካው ይቃጠላል። ምስጋኑ ማሰራጫው እንደተዘጋ አምኖ በሁለት እጁ ያዘው። አንድ ሰው ግን እዚህ ገብቶ አስነሥቶት ነበር፤ ኋላም መልሶ አጠፋው። እናቱ ማስነጠሱን ኤ ኤም ብቻ በሚይዘው አሮጌ ሬዲዮናቸው ሰምተዋል፤ ስለዚህ ምስጋኑ የሞተው ማኅሌት ስቱዲዮ ውስጥ ሳለች ነው። ቢተው ደግሞ ማሰራጫውን ማስነሣት አያውቅም። አቶ ደሳለ፣ ኤፍ ኤሙ ከተራራው ማዶ ይደርሳል?»

«ይደርሳል!»

«እኔ እሽሽታ ብቻ ነው የሰማሁት። ከፈለጉ አሁኑኑ አብረን እንሂድ።»

ደሳለ ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው በኤ ኤሙ ሰምቼው ይሆናል።»

«ጠዋት ያስዘጉት እርስዎ ነዎት። ከቀትር በኋላ ሲናገር ከሰሙት፣ ምሰሶው ላይ ሰው እየሠራ መሆኑን እያወቁ ለምን አልደነገጡም? ለምን አልደወሉም?» ወደ ድምፅ ማጉያው ጠቆመች። «መንገዱ ላይ አልነበሩም። ማስነጠሱን የሰሙት ከዚህ ነው። ቁልፉን ተጭነው ቆመው።»

ቢተው ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ምሰሶው ወለል ብሎ ይታያል።

«እያየኸው ነበር?» አለ፤ አንቱታውን ረሳው።

ደሳለ ኮቱን አስተካከለ። «ቀና ብሎ አየኝ። የተዘጋ መስሎት እጁን አውለበለበልኝ፤ ከዚያ ምሰሶውን ያዘ። ላስታ በአንድ ግትር ሰው ምክንያት ወደ ኋላ ይቅር?»

ማኅሌት አፏን ይዛ ወጣች።

ከቀትር በኋላ አሰለች፣ ሐሰተኛ ቃሉን በመዝገብ ለማስፈር፣ ደሳለን ነበርኩ ወዳለበት ቦታ በተራራው መንገድ ወሰደችው። መርዶው ደርሷል፤ በእማማ ውባንቺ ደጅ ለቀስተኞች መንገዱን ሞልተውት መኪናው ቆመ። አሮጊቷ በመስኮቱ አዩት፤ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው መጡና አንገቱን አቀፉት።

«ደሳለ! ወንድምህን አጣህ፣ ልጄ! አንተ እንኳ ተረፍክልኝ!»

«እግዜር ያጽናዎት» አለ ደሳለ፣ ድምፁ ሳይሰበር።

ያን ጊዜ እጁ ላይ ያለውን ካቴና አዩና ወደ አሰለች ዞሩ። «ይህን ልጅ ምን አድርጎ ነው ያሰራችሁት?»

አሰለች ከመኪናው ወረደች።

«ልጅዎን ገድሎ ነው» አለች።

እጃቸው ገና ከአንገቱ አልወረደም ነበር።