የሠርካለም መንቀጥቀጥ

ጋፋት ላይ መድፍ ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ሌሊቱን ሲፈለግ ያደረው ዘውገ በማለዳ ከገደል ግርጌ ተደፍቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ ጥፍሮች ሥር ደም ደርቋል። ቀብሩ ሳያልቅ ግን የደብረ ታቦር ሰው ገዳዩን «አወቀ»፤ ሚስቱ ሠርካለም ስትንቀጠቀጥ አይቷታልና። ሰው ሲንቀጠቀጥ ካዩ ሌላ ማስረጃ የማይሹ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ያን ቀን አገሩ ሙሉ እንደዚያ ነበር።

የሟቹ ወንድም ይርጋ ጦሩን ይዞ ዳኛ መዝገቡ ፊት ቆመ። እብናት ሁለት ዓመት ከርሞ በቅርቡ ነው የተመለሰው። በሐዘን የነጨው ጉንጩና ግንባሩ ገና ደም ያወጣል፤ ኩታውን እስከ ጆሮው ጠቅልሏል።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቆማ ቁልቁል ስታይ በዓይኔ አይቻታለሁ። ካሳ አልቀበልም፤ የምፈልገው ደሟን ነው።»

«ያኔ ለምን አልጮህህም?»

«ምን እንደምታይ አልጠረጠርሁም ጌታዬ። መሞቱን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት በመርዶ ነው።»

ወደ ገደሉ ሊያመለክት እጁን ሲያነሣ ኩታው ተንሸራተተ። ማጅራቱ ላይ የደረቁ ጭረቶች ታዩ።

«ይህስ?»

«ሐዘን ነው ጌታዬ።»

ዳኛው ወደ ሠርካለም ቤት ሄዱ። ላብ አጥምቋት፣ ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣለች።

«ምን ያንቀጠቅጥሻል ልጄ?»

«አላውቀውም አባቴ። እሱ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነኝ። ምንም ሳይመጣብኝ ልቤ ይመታል፤ አሁን የምሞት ይመስለኛል።»

«ከአምና ጀምሮ ነው» አለች ጎረቤቷ ብዙነሽ። «ገደል ያለበት መንገድማ ከቶ አይሆንላትም፤ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በሜዳው ዞረን ነው። ዛር ሰፈረባት እንዳይባል ባልና ሚስቱ ደበቁት። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ዳኛው ወደ ገደሉ ይዘዋት ወጡ። አፋፉ ገና ሩቅ ሳለ ወድቃ ሣር ጨበጠች።

በማግስቱ አገሩ ለአውጫጭኝ ወይራው ሥር ተሰበሰበ፤ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም።

«ነብር ብታዩ ሁላችሁም ትፈራላችሁ» አሉ ዳኛው። «ነብሩ ሲሄድ ፍርሃቱም ይሄዳል። የዚህች ሴት ፍርሃት ግን ጓዳዋ ተቀምጣም ይመጣባታል፤ ነብር የለውም። ይህ በሽታ ነው። በበሽታ ደግሞ ሰው አይፈረድበትም።»

«ታስመስላለች» አለ ይርጋ።

«ላብ በትእዛዝ አይመጣም። ገደሉን ከሩቅ አይታ ስትወድቅ አይቻለሁ። አንተ አፋፉ ላይ ቆማ አየኋት አልህ። በሽታው ሲጀምራት እብናት ነበርህና ይህ እንደማይሆንላት አላወቅህም። ለምን ዋሸህ?»

ይርጋ ኩታውን ወደ ጆሮው ሳበ።

«ሐዘንተኛ ጉንጩንና ግንባሩን ይነጫል፤ ማጅራቱን የነጨ አላየሁም። ትናንት የፊትህ ቁስል ሲደማ የማጅራትህ ደርቆ ነበር። ከመርዶው በፊት ማን ቧጠጠህ? የሟቹ ጥፍር ደም ይዟል። ስትገፋው አንገትህን ይዞ ነበር። ልጅ የላቸውም፤ እሱ ሞቶ እሷም በደሙ ብትገደል የአባታችሁ ርስት ያንተ ብቻ ይሆናል።»

ጦሩ ከይርጋ እጅ ወደቀ። መላ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይህኛው ፍርሃት ነብር አለው» አሉ ዳኛው። ከዚያም ወደ ሠርካለም ዞሩ። «ሟቹ ሌላ ወገን የለውም። ደሙን የምትጠይቂው አንቺ ነሽ። ካሳ ወይስ ደም?»

«እታለም፣ ስለ እመብርሃን» አለ ይርጋ። «ርስቱን በሙሉ ውሰጂው።»

ሠርካለም ተነሣች። እጇ እንደ ትናንቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጥላቻዋ ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«ትናንት ጦር ይዘህ የጠየቅኸውን ሰምቻለሁ» አለችው። «እኔም ካሳ አልቀበልም።»

እየተንቀጠቀጠች ተመልሳ ተቀመጠች።