ዘጠነኛው ንድፍ

የብረታ ብረት ፋብሪካው ንድፍ አውጪ ሳህሌ፣ ጧት ከድሬዳዋ ባቡር ወርዶ አቃቂ ቤቱ በገባ አንድ ሰዓት ሳይሞላው፣ የገዛ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጭንቅላቱ ተፈልጦ ተገኘ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ከጎኑ አካፋ ወድቋል። ከሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ንድፎቹ አንዱ የለም።

ስለ ንድፎቹ ሰፈሩ ውስጥ ያልሰማ የለም። ባሕር ማዶ ሲማር ያወቃቸው ሽማግሌዎች፣ የመጀመሪያዎቹ የጠፈር መንኮራኩሮች ሲሠሩ በእጅ የተሣሉትን ዋና ንድፎች፣ መሥሪያ ቤቶቹ ሲጥሏቸው እየለቀሙ ይልኩለት ነበር። ሰው ሚስት ሲያገባ እሱ ንድፍ አገባ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሰው እንዲህም ይወዳል።

ፖሊስ ጊዜ አላጠፋም፤ ጨርቅ ነጋዴውን ከሊልን ያዘ። ከሊል ባለፈው ወር አንድ ንድፍ ለፈረንጅ ሊያሻሽጥ ሞክሮ፣ ሳህሌ ሲያባርረው «አንድ ቀን ታጣዋለህ» ማለቱን ጎረቤት ሰምቷል። ነፍስ የጠፋበት ነገር ስለሆነ ከተፈረደበት ስቅላት ነው። ሚስቱ ሐጀራ ጣቢያው ደጅ ላይ ተቀምጣ አልነሣም ብላለች።

ሻምበል ቡልቻ ግን ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው አይደለም። ሣጥኑን አስከፈተ። ንድፎቹ የተሣሉት በወረቀት አይደለም፤ ስታርች በጠጣ ስስ ጨርቅ ነው። ሲነኳቸው ይንኮሻኮሻሉ።

«ከሊል፣ ፈረንጁ የፈለገው የትኛውን ነበር?»

«አንደኛውን፣ ጌታዬ። ሙሉው መንኮራኩር ከነሠሪዎቹ ፊርማ ያለበትን።»

«እሱማ ይኸው አለ። የጠፋው ዘጠነኛው ነው።»

ሳህሌ ክዳኑ ላይ በለጠፈው ዝርዝር ውስጥ «ዘጠነኛ፦ የአንቴና ዘንግ። ከሁሉ ሰፊ። አራት መስመር ብቻ» ይላል። ሻምበሉ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሬሳውን ያገኙት ጎረቤት ወይዘሮ ወርቅውሃ ናቸው።

«ምን ሊያደርጉ መጥተው ነበር?»

«ልቅሶ ልቀመጥ ነዋ። እዚሁ አብራው የምትኖረው የእህቱ የአቻምየለሽ ልጅ፣ የስምንት ወሯ፣ ትናንት ተቀበረች። አጎቷ ቀብሯ ላይ እንኳ አልደረሰም። ምን ዓይነት መዓት ነው?»

«ማን ገነዛት?»

«እኔው። መግነዙስ... እንደዚያ ያለ ልስልስ ነጭ ጨርቅ አይቼ አላውቅም። ከየት አመጣሽው ተብሎ መቼም በልቅሶ አይጠየቅ።»

ሻምበሉ ወደ ጓሮ ዞረ። የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ግራጫ ነገር ረግቷል። በጣቱ ነካው፤ እንደ አጥሚት ያጣብቃል።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ከሊል እጁ እንደታሰረ ቆሟል። አቻምየለሽ ጥቁሯን ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ሌባ ቢሆን አንደኛውን ይወስድ ነበር» አለ ሻምበሉ። «ዘጠነኛው ለሰብሳቢ የመጨረሻው ነው። ሰፊና ቀለም ያልበዛበት ጨርቅ ለሚፈልግ ግን ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ከሊል፣ ትናንት ሱቅህን ከፍተህ ነበር?»

«አረፋ አልነበር እንዴ፣ ጌታዬ? የሰፈሩ ጨርቅ ሱቅ ሁሉ የኛ ሰዎች ነው፤ ዝግ ነው የዋለው።»

«ስለዚህ መግነዝ የሚገዛበት የለም። ይህ ጨርቅ ደግሞ በፈላ ውሃ ቢታጠብ ስታርቹም ቀለሙም ለቆ ይለሰልሳል። ያንን ማን ያውቃል? አቻምየለሽ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የትኛው ክፍል ነበርሽ?»

«ስታርች ክፍል» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ሰባት ዓመት።»

«ሳህሌ ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ። ጠየቀሽ፤ ነገርሽው። ከመንገድ የገባ ሰው ኮቱን ሳያወልቅ አካፋ የሚያነሣው የት ሊሄድ ነው?»

ወይዘሮ ወርቅውሃ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ለራሱ ስቅላት የሚጠብቀው ከሊል ግን ወደ አቻምየለሽ ዞሮ፣

«ቤቴን ብታንኳኪ ምን ነበረበት?» አላት። «አረፋም ቢሆን እከፍትልሽ ነበር።»

«በዓላችሁን በሬሳ ወሬ ልረብሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። የኔ ነጠላ ደግሞ የተጣፈ ነው። ልጄን በእራፊ ልሸኛት?»

«እኔ ማስረጃ ያስፈልገኛል» አለ ሻምበሉ። ቃሉ ለራሱም መረረው። «ማስረጃው ያለው መቃብር ውስጥ ነው። ጥፋቱን በቃሉ የሚያምን ከሌለ ማስቆፈሬ ነው።»

አቻምየለሽ ተነሣች።

«ቀለሙ ቢለቅም የብዕሩ ጭረት አይጠፋም፣ አውጥቼ እንደገና እስለዋለሁ አለኝ። እግሩን ያዝኩት፣ ለመንኩት። ጥሎኝ ሲወጣ ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም፤ እንዳይሄድ ነው። ወንድሜ እኮ ነው፣ ሻምበል፤ ያሳደገኝ።»

እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ካመንኩ አይቆፈርም?»

«አይቆፈርም።»

«ከሊልንም ፍቱት። በሉ ቃሌን ይጻፉ» አለችና አውራ ጣቷን ለአሻራው ቀለም ዘረጋች።