ርካሾቹ እንቁላሎች

ሟቹ በጫጩት መፈልፈያው ክፍል ወለል ላይ በዘረጋት ፍራሽ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። ከእግሩ ሥር አንዲት ድመት ሞታለች፤ ከፍራሹ ዙሪያ ደግሞ የሞቱ ዝንቦች ተበትነዋል።

«ልቡ ነው» አለ የጤና ባለሙያው ጓንቱን እያወለቀ። «ሰውየው የልብ ድካም ነበረበት።»

መርማሪዋ ድመቷን በጫማዋ ጫፍ ገልበጥ አደረገቻት። «እሷስ? እሷም የልብ ድካም ነበረባት?»

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም።

ሟቹ የመፈልፈያው ባለቤት ነው። ጎረቤቶቹ በሌለበት «አውራው» ይሉታል፤ በግቢው ውስጥ ከሱ በቀር ድምፁን ከፍ የሚያደርግ አልነበረም። ማሽኖቹን ለማንም ስለማያምን ሌሊት ሌሊት እዚያው ነበር የሚተኛው። አብረውት የሚኖሩት ሁለተኛ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ከሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት ልጁ ናቸው። ልጅቷ የእንስሳት ሳይንስ ተምራ የመጣች፣ የማሽኖቹ ኃላፊ ናት።

መርፌ ክፍሉን ቃኘችው። አንዱ ማሽን በእንቁላል ትሪ ተሞልቷል፤ ሌላው በሩ ገርበብ ብሎ ባዶውን ቆሟል። ጥግ ያለውን ሲሊንደር ነቅነቅ ስታደርገው ቀለላት። ወንድምየውን አስጠራችው።

«ይሄ የምንድን ነው?»

«የካርቦን ዳይኦክሳይድ። ወንድ ጫጩቶቹን… ያው እንቁላል አይጥሉ፣ ማን ይፈልጋቸዋል? ሳጥን ውስጥ ከተን ጋዙን እንለቅባቸዋለን። ሥራው የኔ ነው።»

«መቼ ተሞላ?»

«ትናንት። ገና አልነካሁትም።»

«አሁን ባዶ ነው።»

የሰውየው ከንፈር ደረቀ። «እኔ አይደለሁም! እርግጥ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት በጥፊ ያጮለኝ ነበር። ግን እኔ አይደለሁም።»

«የዚህ ማሽን እንቁላሎችስ የት ሄዱ?»

«ጓዳ ናቸው፣ አሮጌው ማሽን ውስጥ። ወንድሜ ያዛወራቸው መስሎኝ ነበር።»

«በአንድ እጁ?»

ሰውየው ዞር ብሎ ባዶውን ማሽን አየው።

«እሳት ቢነሳ የትኞቹን ይዘው ይሮጣሉ?»

«ምን ጥያቄ አለው! እዚህ ያሉትን ነዋ። ከባሕር ማዶ የመጡ ውድ ዘሮች ናቸው። የጓዳዎቹማ ተራ ዶሮ!»

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ግንባሯ ላይ ያረጀ ጠባሳ አለ። ለተመሳሳይ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ሰጠች።

«ውዶቹን ነዋ! አንዷን ብሰብር እኔንም ይሰብረኝ ነበር።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጎረቤት ‹ምነው አታለቅሺም› ይለኛል። እንባውን ከየት ላምጣው? በቁሙ እያለ ጨረሰብኝ።»

ልጅቷ ጓዳ ውስጥ እንቁላል በመብራት ፊት ይዛ ታያለች። ቅርፊቱ ቀልቶ፣ የደም ሥሮች መረብ ታየበት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አላንቶይስ የሚባል ከረጢት ነው፤ ይዩት። ከሽሉ አንጀት ጫፍ እንደ ትንሽ ፊኛ ብቅ ይላል። የሽሉ ሽንት የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ሌላ መውጫ የለውማ። ከዚያ እያደገ ከላይኛው ሽፋን ጋር ይጣበቅና ቅርፊቱን ከውስጥ ያለብሰዋል። ያኔ ሳንባውም እሱ ይሆናል። በቅርፊቱ ቀዳዳዎች አየር ያስገባለታል፣ የተቃጠለውን ያስወጣለታል።»

«ገና ያላደገበትስ?»

«ያ ሽል እኮ ገና ኢምንት ነው። የሚፈልገው አየርም ኢምንት። ለጥቂት ሰዓት ቢታፈን እንኳ ይችለዋል። ትልቁ ግን ወዲያው ያልቃል።»

ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ የዋለው ፊቷ ይህን ስትናገር ፈክቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሦስቱንም ባዶው ፍራሽ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ድመቷንም፣ ለክንዱ ሕመም ማስታገሻ ውጦ የተኛውንም ሰው ያገኘው ለዚህ ነው። ገዳዩ የአየር ማስገቢያውን ደፍኖ ሲሊንደሩን ከፈተና በሩን ቆለፈ፤ ሲነጋ ክፍሉን አናፈሰ። ይህን ሦስታችሁም ማድረግ ትችሉ ነበር። ግን ገዳዩ ለእንቁላሎቹ አዘነ። የጓዳው ማሽን ጠባብ ስለሆነ ሁሉንም አይችልም፤ መምረጥ ነበረበት። ወንድምየው ወይም ሚስትየዋ ቢሆኑ የሚያወጡት ውዶቹን ነው። ገዳዩ ግን ውዶቹን ከጋዙ ጋር ትቶ ርካሾቹን አዳነ።»

«ለምን?» አለ ወንድምየው።

«ውዶቹ ማሽን የገቡት በቅርቡ ነው። ርካሾቹ ሊፈለፈሉ ተቃርበዋል። ውዶቹን በመብራት አየኋቸው፤ ልባቸው ይመታል። ችለውታል። የመረጠው ሰው በዋጋ አልመረጠም፤ በአላንቶይስ ነው የመረጠው።»

«አጎቴም ያውቃል» አለች ልጅቷ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«አላን… ምን?» አለ አጎትየው።

ልጅቷ ፍራሹን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እናቴ የሞተችው እዚህ ወለል ላይ ነው። ታማም ማሽን እንድትጠብቅ እዚህ አስተኛት። ትንፋሽ ሲያጥራት ‹መስኮቱን ክፈትልኝ› አለችው። ‹እንቁላሉ ይበርዳል› አላት። በሩን ቆልፎብኝ ጓዳ ሆኜ ነፍሷ እስክትወጣ ሰማኋት። ልጅ ነበርኩ።»

«እሱስ?» አለች መርፌ። «ነቅቶ ነበር?»

«ነቅቷል። ሊነሳ ሞክሮ አቃተው መሰለኝ። ስሜን ጠራኝ።»

«የት ነበርሽ?»

«ጓዳ።»

«በሩ ክንድ አይርቅሽም። ሲጠራሽ አልራራሽለትም?»

«ራርቼለት ነበር! ቁልፉን ይዤ ነበር… ግን ብከፍተው ጋዙ ወደ ጓዳ ይገባል። እንቁላሎቹ…»

ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተከለ። የእንጀራ እናቷ መዳፏን በገዛ አፏ ላይ ጫነች። መርፌም ካቴናውን አወጣች።

ልጅቷ እጇን ለካቴናው ዘረጋች። አጎቷ ጓዳ ገባና የአሮጌውን ማሽን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለው። የማሽኑ ድምፅ ቆመ። ልጅቷ ሰምታለች፤ ግን ዞራ አላየችም፣ ተው ብላም አልጮኸችም።