ቀኝሽን አምጪ

«እጅሽን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊው፣ ጥቁሬ። በብርሃን ልየው።»

ጥቁሬ የግራ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ነጥቶ ይታያል። ዙሪያው ደም መስሏል፤ መሃሉ ተልጧል።

«አክስቴ፣ ያቃጥለኛል።»

«ካቃጠለ እየሠራ ነዋ!»

አክስቷ ፋርማሲ ውስጥ ባንኮኒ ተደግፋ መድኃኒት ስትሸጥ ስለኖረች ራሷን እንደ ግማሽ ሐኪም ትቆጥራለች፤ ሌላው ግማሽ የት እንደቀረ ግን የጠየቃት የለም። አሁን ጓዳዋ ውስጥ በትንሽ ሚዛን ዱቄት እየመዘነች፣ በኬክ መምቻ ከቅባት ጋር እየመታች፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም ልትፈጥር ደፋ ቀና ትላለች። አንዱ ረጋ፣ አንዱ ሸተተ። ይኼኛው ግን ቆዳ አነጣ።

መሞከሪያዋ ጥቁሬ ናት። «ባንቺ ላይ ከታየ በማን ላይ አይታይም?» ብላ ስትመርጣት ቤቱ በሙሉ ስቋል። ጥቁሬም አብራ ስቃለች፤ ምን ታድርግ?

ዛሬ ክሬሙን የሚያከፋፍለው ነጋዴ ይመጣል። ጥቁሬን እንቅልፍ የነሳቻት ግን የክፍል ጓደኛዋ ናት። ለምረቃው ፎቶ ፊቷን ልትቀባ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ለምናለች። «በናትሽ እንዳትሸውጂኝ!» ብላታለች።

ነጋዴው መጥቶ ተቀመጠ። ክሬሙን አሸተተ።

«ቆዳ አይጎዳም አይደል?»

«ኧረ ጋሼ! ሕፃን ቢቀባው እንኳ ምንም አይለው።»

ጥቁሬ አክስቷን አየቻት። ከዚያ ሰውየው ፊት ሄዳ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ይኸው፣ ይዩት።»

«አንቺ!» አለች አክስቷ።

ነጋዴው መነጽሩን አደረገ። ቁስሉን በጣቱ ሲነካው ጥቁሬ ጥርሷን ነከሰች። አሁን ይቆጣል፣ አሁን ብልቃጡን ይወረውራል ስትል ፊቱ በራ።

«ወይ ጉድ! በዚህች ላይ እንኳ? እህቴ፣ ሠርቶልሻል! ምን ያህል ታደርሺልኛለሽ?»

እሱ ከሄደ በኋላ አክስቷ ጥቁሬን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት። «የኔ ዕድል! እኔ ደግሞ ልታዋርጂኝ መስሎኝ!» ወዲያው ከሚዛኑ አጠገብ ያለውን ሳህን አነሳች። «ይኼኛው ፈጠን ያለ ነው። በይ፣ ቀኝሽን አምጪ።»

ጥቁሬ የቀኝ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ ቆለፈችው። የግራውን እንደተሰበሰበ ተወችው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጓደኛዬ ጋ።»

«እንግዲያው ብልቃጧን ይዘሽላት ሂጂ!»

ጥቁሬ ባዶ እጇን ወጣች።