ሦስት ጋሪ ቀይ ጠጠር

ዶክተር ራስማኔ ኢልቡዱ ከትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር ማማ ሥር፣ ከብረቱ መሰላል አጠገብ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ በኩል ውኃ የሞላች ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወድቃለች። ከራሱ በላይ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል፣ አንድ ረጅም ጨርቅ በነፋስ ይርገበገባል፦ «አካባቢ፣ ምህንድስና፣ ትምህርት፦ ለዘላቂ ልማት!» ጨርቁ አዲስ ነው፤ ሬሳውን ለማልበስ ይበቃ ነበር። ግን ማንም አላወረደውም። ነገ ሚኒስትር ይመጣላ!

ኢንስፔክተር ኮሮቱሙ ድራቦ ከዋሂጉያ ከተማ የደረሰችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው፤ አራት የልጅ ልጆች አሏት፤ አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር እንቅልፍ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን በመማሪያ ክፍሉ መስኮት የተደራረቡትን የሕፃናት ራሶች ነበር።

«እነዚህ ልጆች ሬሳ እያዩ ነው እንዴ የሚውሉት? መስኮቱ ይዘጋ! ቁርስ በልተዋል?»

ሦስት የተማሩ ሰዎች በፊቷ ቆመዋል። አንደኛው በግቢው ያለው የምርምር ማዕከል ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ማቲያስ ኒኪዬማ ነው፤ በዚያ ሁሉ አቧራ መካከል ክራባት አስሯል። ሁለተኛው የውኃ ማጣሪያውን የሠራው ኢንጂነር ኤቲየን ቶዬ ነው። ሦስተኛዋ ተማሪዎቹን ስለ ውኃና ስለ አፈር የምታስተምረው ተመራማሪ ክላሪስ ባዚዬ ናት። ሟቹ ደግሞ ውኃውን የሚመረምረው ኬሚስት ነበር።

«ግልጽ አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ዳይሬክተሩ። «ከላይ ከታንከሩ ናሙና ሊቀዳ ወጣ፤ አዳለጠው፤ ወደቀ። እስከ ቀትር ወረቀቱን ቢጨርሱልን ደግ ነበር፤ ነገ ምረቃ አለብን።»

«የሬሳው?»

«የ... የቧንቧው ነው እንጂ። እስከ ዛሬ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ነበር። ከነገ ጀምሮ ለመንደሩ ሁሉ ይከፈታል፤ ሦስት ሺህ ነፍስ ይጠጣል!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ነፍስ መቁጠር ይችላሉ ማለት ነው» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ሰሞኑን የበረሃው ነፋስ ቀይ አቧራ ሲያዘንብ ሰንብቷል። ኮሮቱሙ የመሰላሉን እርከኖች በጣቷ ዳበሰች፤ ልክ አማት የምራቷን መደርደሪያ እንደምትፈትሽ። ጣቷን አየችው፤ ቀይ ሆኗል። አንድ እርከን ዝቅ ብላ፣ ሌላውንም ከፍ ብላ ዳበሰች። ከዚያ የሟቹን ራስ በቀስታ አነሳች፤ የተሰነጠቀው ከኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አቀናች። በላይዋ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የቀኑና የቦታው ጽሑፍ እንደ እንባ ቁልቁል ፈሷል፤ ቀለሙ ረጥቦ።

ከዚያም ወደ ማእድ ቤት ሄደች።

የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እማማ ፖኮ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። የአያት ስሟን ሰምተው ጎሳዋን አውቀዋል።

«ድራቦ? ውይ! ውሻ በሊታ ላኩብን? ደህና ፖሊስ አለቀ ማለት ነው!»

«ዝም በይ፣ ባሪያዬ! እመቤትሽ ስትመጣ በርጩማ አታቀርቢም?»

ሳቁ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ኮሮቱሙ ከሳሞ ጎሳ፣ እማማ ፖኮ ከሞሲ ጎሳ ናቸው፤ ሳሞና ሞሲ ደግሞ የቀልድ ዘመዶች ናቸውና ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም። ሞት እንኳ አያስቆማቸውም፤ ሞሲ ሲሞት ሳሞው ሬሳው ፊት ቆሞ፣ ሟቹን አስመስሎ ካልቀለደበት ለቅሶው ጎደሎ ነው። ሳቁ እንዳለቀ እማማ ፖኮ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ደግ ልጅ ነበር። ከዚያ ከጎሳሽ ልጅ ከቶዬ ጋር ጠዋት ማታ ሲሰዳደቡ እኔን ነበር የሚያስቁኝ። ትናንት ማታ መጥቶ፣ 'እማማ፣ በዚህ ቧንቧ ውኃ አታብስዪ፤ እስክነግርሽ ከድሮው የእጅ ጉድጓድ አስቀጂ' አለኝ። ምነው? ብዬ ብጠይቀው፣ 'ነገ ሁሉም ይሰማል። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ለብቻው ይስማው፤ ሰው ፊት ላዋርደው አልፈልግም' አለኝ።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም። ስሚኝ፣ ውሻ በሊታ፤ ሁለት የልጅ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ፤ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቧንቧ ጠጥተዋል። አሁን ያ ባለ ክራባት 'ወድቆ ነው' ብሎ ካስፈረመሽ፣ ነገ ሪባን ተቆርጦ መንደሩ ሁሉ ይጠጣል። ልጁ ሊናገር የነበረውን ማን ይናገርልናል?»

ኮሮቱሙ የራሷን አራት የልጅ ልጆች አሰበች። «እኔ ሳልፈርም ቧንቧው አይከፈትም» አለች። «ዳይሬክተሩ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበር?»

«እሱማ በረንዳው ላይ! ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እየጮኸ ንግግሩን ሲያጠና። 'ዘላቂ፣ ዘላቂ' ሲል ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ። ልጆቹ ሬሳውን አይተው እስኪጮሁ ድረስ አላቋረጠም፤ ግቢው በሙሉ ሰምቶታል።»

ክላሪስን ያገኘቻት ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ነው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጯጩኻችኋል አሉ።»

«አዎ። ከዚህ ምድር ሥር አርሴኒክ አለ፤ ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ። ማጣሪያው የተሠራው እሱን እንዲይዝ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተማሪዎቼ ውኃውን መረመሩት። ነጭ ሆና መቅረት ያለባት መመርመሪያ ወረቀት ቡናማ ሆነች። ደጋግመን ሞከርነው፤ ያው ነው። ለፕሮፌሰሩ ብነግራቸው፣ 'የሕፃናት ጨዋታ ሳይንስ አይደለም' አሉኝ።»

«ሕፃናቱ የሚማሩት ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሳይንስ» አለች ክላሪስ በምሬት። «ራስማኔ ግን አመነን፤ ራሱ መርምሮ አረጋገጠ። ሆኖም 'አንድ ቀን ስጪኝ፣ መጀመሪያ የማናግረው ሰው አለ' አለኝ። ልጆች መርዝ እየጠጡ ምን ይሉኝታ ነው ብዬ ጮኽኩበት።»

«ጥሩ አድርገሻል። እስቲ ልጆቹ ናሙና እንዴት እንደሚቀዱ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይቀዳሉ። ጠርሙሱ ከረጠበ ቀለም አይይዝም። ያስተማራቸው ራስማኔ ነው፤ የተሳሳተ ልጅ ግቢውን ሦስት ጊዜ ይሮጣል። አሁን የስምንት ዓመት ልጅ እንኳ አይስትም።»

ኤቲየን ቶዬ በጥገና ክፍሉ፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጀርባው በግድግዳው ላይ አምስት የሽልማት ወረቀቶች ተሰቅለዋል፤ ማጣሪያው ግን አንድ ብቻ ነው። አጠገቡ የመሣሪያ ሳጥን ተከፍቷል፤ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ጉጠቱ ሁሉ ቀይ አቧራ ለብሷል። አንድ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ብቻ ያበራል።

«ዶክተር ኢልቡዱ ታላቅ ሳይንቲስት ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ለአገር ትልቅ ጉዳት ነው። ነፍሱን በገነት ያኑርለት።»

«ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት!» አለች ኮሮቱሙ፤ መፍቻውን አንዴ፣ እሱን አንዴ እያየች። «ማጣሪያህስ ደህና ነው?»

«ለአሥር ዓመት እጅ ሳይነካው እንደሚሠራ ጽፌያለሁ፤ ታትሟል። አምስት አገሮች ሊወስዱት ነው።»

«ታትሟል ካልክማ ውኃው ምን አማራጭ አለው» አለችና ወጣች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም በጭቃ ጡብ በተሠራው ቀዝቃዛ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክላሪስ ሁለት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ባንዱ ከሟቹ አጠገብ የተገኘው ውኃ፣ በሌላው አሁን ከቧንቧው የተቀዳው። የብልቃጦቹን አፍ በነጭ መመርመሪያ ወረቀት ከደነች።

«ሃያ ደቂቃ ይፈጃል» አለች።

«ይፍጅ» አለች ኮሮቱሙ። «እኛም እስከዚያው እንማር። ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ያንን ባዶ ጠርሙስ ይውሰዱና ከቧንቧው ናሙና ይቅዱልኝ።»

ዳይሬክተሩ ወጣ፤ ቀዳ፤ እጁና ክራባቱ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። «አሁን... የት ላይ ነው የሚጻፈው?»

ከበሩ ውጭ የተደበቁት ሕፃናት በሳቅ ፈነዱ። እማማ ፖኮ እንኳ አፋቸውን ያዙ።

«አያችሁ? ሳይጽፍ የቀዳ ሰው እንዲህ ይሆናል። ራስማኔ አጠገብ የተገኘችው ጠርሙስ እንዲሁ ከሞላች በኋላ ነው የተጻፈባት፤ ቀለሟ ፈሷል። ራስማኔ እንዲህ አያደርግም። ክላሪስም አታደርግም፤ ልጆቹ የሚቀጡበት ስህተት ነው።»

«እኔን ነው እንግዲህ የሚሉት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እርስዎን? እርስዎማ ያን ሰዓት ንግግር ሲያጠኑ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሰው ሲገደል እንኳ አላቋረጡም። ዛሬ ያዳንዎት ይኸው ነው፤ ንግግርዎ ሌላ ሰው አድኖ እንደሆነ አላውቅም።»

«ሲገደል? ወድቆ ነው እንጂ!»

«ከየት? እኔ እስክዳብሰው ድረስ መሰላሉን የሰው እጅም እግርም አልነካውም፤ አቧራው እንዳለ ነው። ራስማኔ መሰላሉን አልወጣም። ቆሞ ከሰው ጋር ሲነጋገር ከኋላው ተመታ። በምን? አቧራ በሞላው ሳጥን ውስጥ አንድ መፍቻ ብቻ ታጥቧል።»

ሁሉም ወደ ቶዬ ዞሩ።

«መሣሪያዬን ማጠብ ወንጀል ነው?» አለ ቶዬ።

«አይደለም። አንዱን ብቻ ማጠብ ግን ይገርማል። አሁን የራስማኔን ቃል ስማ፤ 'አንድ ሰው ለብቻው ይስማ፣ ሰው ፊት አላዋርደውም' ብሎ ነበር። ክላሪስ ቀድማ ታውቃለች። ዳይሬክተሩን ለማዋረድ ማንም ይሉኝታ የለውም፤ ራሳቸው ይበቃሉ። ማጣሪያው ሞቷል ሲባል የሚዋረደው፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮት የተሳሳቀው ሰው ነው። አዝኖልህ ነበር፣ ልጄ።»

ክላሪስ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። የቧንቧው ውኃ መመርመሪያ ቡናማ ሆኗል። የሟቹ ጠርሙስ መመርመሪያ እንደ ወተት ነጭ ነው።

«ከሱቅ በላስቲክ የሚገዛ ውኃ ይሆናል» አለች ኮሮቱሙ። «ሟቹ ራሱ ቧንቧው ንጹሕ ነው ብሎ እንዲመሰክር ፈለግህ። ሬሳን በሐሰት ማስመስከር! የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ይህን የሚያስተምረው?»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«እሺ፤ ግምት ይሁን። እኔም ሳሞ ነኝ፣ አንተም ሳሞ ነህ። ሞሲያችን ሞቶ ተጋድሟል፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን እንደ ሹመኛ እያዘንክ ነው። አንድ ስድብ፣ አንድ ቀልድ ከአፍህ አልወጣም። ና፣ ሬሳው ፊት እንቁም። አረማመዱን አስመስል። ዘጠኝ ዓመት የሰደብከውን ሰው አንድ ጊዜ ስደበውና ወደ ቤትህ ሂድ።»

ቶዬ ተነሳ። ሬሳው ከማማው ሥር ተነሥቶ ወደተጋደመበት ክፍል ሁለት እርምጃ ሄደ። አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። የቀልድ ዘመዱን ደም ያፈሰሰ ሰው በሟቹ ላይ ከቀለደ እርግማኑ በሰባት ትውልድ አያልቅም ሲባል በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሰምቷል፤ ያን ሁሉ የተማረው ትምህርት ይህን አላስረሳውም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ማጣሪያው ይሠራ ነበር» አለ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ዓመት ይሠራ ነበር። መርዙን የሚይዘው ጠጠር ጠግቦ ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሰኝ፣ ሚኒስትሩ ይሂድ ብዬ ለመንኩት። 'ልጆቹ ለአንድ ሳምንት አይጠሙም ወይ?' አለኝና ዞረ።»

«ለማስተካከል ምን ያስፈልግ ነበር?»

«ጠጠሩን መቀየር።»

«ስንት ጠጠር?»

«ሦስት የአህያ ጋሪ። ቀይ ጠጠር፤ ከዚህ ከጀርባ ካለው ኮረብታ። የሁለት ቀን ሥራ። ራስማኔ ... 'እኔ አስጭንልሃለሁ፣ አትጨነቅ' ብሎኝ ነበር።»

እማማ ፖኮ ብድግ ብለው ወጡ፤ ቧንቧውን በሰንሰለት አስረው ቁልፉን በጡታቸው መካከል ከተቱት። ዳይሬክተሩ ክራባቱን እየጨመቀ፣ «ጋሪዎቹን አሁን ብንጠራ ለነገ ምረቃ ይደርስ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ኮሮቱሙ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ስድብ ፈለገች፤ ለእሱ የሚሆን ግን አላገኘችም።

እስረኛውን የሚወስደው መኪና ከዋሂጉያ እስኪመጣ ቶዬ እጁ በካቴና ታስሮ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ክላሪስ የማጣሪያውን ክዳን አስከፍታ ነበር። ትልልቆቹ ተማሪዎች የጠገበውን ጠጠር በአካፋ እያወጡ ራቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይጥላሉ። የመጀመሪያው የአህያ ጋሪ ከኮረብታው ወርዶ ደረሰ፤ ልጆቹ አዲሱን ጠጠር በሳፋ እየዘገኑ ወደ ማጣሪያው መሮጥ ጀመሩ።

ቶዬ ሲያያቸው ቆየና ድንገት ከተቀመጠበት ተነሳ።

«አይሆንም! እንዳለ አይገባም! መታጠብ አለበት፣ ሦስት ጊዜ፣ ውኃው እስኪጠራ! አለበለዚያ ጭቃው ቱቦውን ይደፍነዋል!»

ልጆቹ ቆሙ፤ ሳፋቸውን እንደያዙ አስተማሪያቸውን አዩ። ኮሮቱሙም አየቻት።

ክላሪስ ወደ ዛፉ አልዞረችም።

«ሰምታችኋል» አለች። «እጠቡት።»