ዝቅ ያለው ቅኝት

«ቅኝቱን ትንሽ ብቻ ዝቅ እናድርገው፤ በናትሽ» አለች ደወል፣ አፏን የዱምዱም ጆሮ ላይ ለጥፋ።

ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ የሁለቱ ጭንቅላት ተጋጨ። ዱምዱም ግንባሯን እያሻሸች ጭኗ ላይ ያስተኛችውን ቤዝ ጊታር ተመለከተች። ከአራቱ ክሮች ወፍራሙን በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው። ድሮ ሲመታ ድምፁ ደረት ውስጥ ገብቶ ነበር የሚሰማው። አሁን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ዝም ብሎ ይወዛወዛል።

«አሁንም?» አለች። «ከዚህ በላይ ከላላ እኮ ላስቲክ ነው የሚሆነው።»

«ቀስ በይ! ይሰማሉ።»

ከፊት ወንበር የዱምዱም አጎት ዞር አለ። አጎቷ የባንዱ ድራም መቺም፣ መሪም፣ ሲብስም መካኒክ ነው። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?»

«የሴቶች ወሬ ነው ጋሼ!» አለች ደወል እየሳቀች።

«የሴቶች ወሬ» ከተባለ አጎቷ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ቶሎ ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ። የደወል ሳቅ ግን መሃል ላይ ሻክሮ ነበር። ከዱምዱም በቀር ማንም ልብ አላለውም።

ዱምዱም ትክክለኛ ስም አላት፤ የሚጠሯት በእሱ ግን አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። ገና ሕፃን ሳለች አጎቷ የሚለማመድበት ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጣ የቤዙን ድምፅ በአፏ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» እያለች ስትከተል ስሙ ተለጠፈባት፤ በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የባንዱ የድሮ ቤዝ ተጫዋች አግብቶ «ከእንግዲህ መንገድ በቃኝ» ሲል፣ ዘፈኖቹን በሙሉ ከነስህተታቸው የምታውቅ እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የቀረው እናቷን ማሳመን ነበር።

አጎቷ ሞክሮ ተባረረ። «አንተን ራስህን ጠባቂ ያስፈልግሃል፤ ልጄን ልትጠብቅልኝ ነው?» አለችው እህቱ። ያኔ የባንዱ ዘፋኝ ደወል ራሷ መጣች። ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት፤ የምናድረው አንድ ክፍል ነው፤ ከዓይኔ አትጠፋም» ብላ ለመነች። ልመናው ይሁን ሽንኩርቱ ባይታወቅም እናቷ በመጨረሻ አለቀሰች፤ ፈቀደችም። ዱምዱም ይህን ውለታ በምን እንደምትመልሰው አታውቅም።

መንገድ ላይ መኖር ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የክፍል ጓደኞቿ «ሮክ ባንድ! አንቺማ ኖርሽው!» እያሉ ይጽፉላታል። እውነቱ ግን ከመጫወቱ መጠበቁ ይበዛል። ቁርስ ይጠበቃል፤ ሾፌሩ ጎማ እስኪያስነፋ ይጠበቃል፤ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ምሳውን በልቶ እስኪመጣ ይጠበቃል። ካልሲ በሆቴል መታጠቢያ ታጥቦ የመኪናው መስኮት ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ጠዋት ስትነቃ በሩ በቀኝ ይሁን በግራ አይታወቃትም፤ አንዴ እንዲያውም በእንቅልፍ ልቧ የቁም ሳጥን በር ከፍታ ልትወጣ ነበር። ሲቆሙ መሄድ ያምራታል፤ ሲሄዱ መውረድ ያምራታል። ጣቶቿ አያርፉም፤ ወንበሩን፣ ጉልበቷን፣ የሻይ ብርጭቆውን ይደበድባሉ። አጎቷ «ቁንጫ ነው እንዴ የነከሰሽ?» ይላታል። እንዲያም ሆኖ አመሻሽ ላይ መብራቱ በርቶ የመጀመሪያውን ድምፅ ስትመታ፣ የመድረኩም እንጨት ከጫማዋ ሥር ሲንቀጠቀጥ፣ ከእሷ በላይ ደስተኛ ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ከተሞች በፊት ነው። ደወል ይህን ስም ያገኘችው በድምጿ ነበር፤ አዝማቹ ላይ ወደ ላይ ስትወጣ መጨረሻ ረድፍ የቆመ ሰው እንኳ ፀጉሩ ይቆማል። አንድ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። በማግስቱ «ሁላችንም ቅኝታችንን በግማሽ ድምፅ ዝቅ እናድርገው፤ ሙዚቃችን ከበድ ይላል» አለች። ክሮቹ ሲላሉ ዘፈኑ አብሮ ይወርዳል፤ ዘፋኟም ያን ያህል ወደ ላይ መውጣት አይጠበቅባትም። ይህን ግን አልተናገረችም። ሊድ ጊታር የሚጫወተው ቀጮ፣ «ከባድ» የሚለው ቃል ነፍሱ ነው፤ ወዲያው ተስማማ። አጎቷም ቢሆን ድራም ነው የሚመታው፤ ቅኝት ዝቅ አለ ከፍ አለ ምን ቸገረው።

ከዚያ ሌላ ግማሽ ወረዱ። ከዚያም ሌላ። በወረዱ ቁጥር ሙዚቃቸው እየጨለመ፣ ሕዝቡም እየወደደው ሄደ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «የአዲሱ ድምፃችሁ ምስጢር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ቀጮ እግሩን አነባብሮ «ፍልስፍና ነው» ብሎ መለሰ። ዱምዱም ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ቀና ስትል ደወልን አየቻት፤ ደወል አልሳቀችም።

ምስጢሩን የምታውቀው ዱምዱም ብቻ ናት። «ሳሙና ልንገዛ ነው» ብለው ወጥተው ክሊኒክ የሄዱት አብረው ነበር። ሐኪሟ የደወልን ጉሮሮ በመብራት አይታ ስትጨርስ ፊቷ ኮስተር አለ።

«የድምፅሽ አውታር ቆስሏል። መዝፈን ይቅርና ወሬም መቀነስ አለብሽ። አሁን ካረፍሽ ይድናል። እየጮህሽበት ከቀጠልሽ ግን እንደነበረ ላይመለስ ይችላል።»

ደወል «እሺ ዶክተር» አለች። ገና ከበሩ ሳይወጡ የዱምዱምን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ለማንም እንዳትናገሪ። ከተናገርሽ ጉዞው አበቃ፤ ሁላችንም ወደየቤታችን ነው። ትልቁ ኮንሰርት ይለፍና አርፋለሁ።» ዱምዱም እሺ አለች። ሳሙናውንም ሳይገዙ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የዱምዱም ሥራ ሁለት ሆነ፤ መጫወትና መሸፈን። አዝማቹ ላይ የደወል ድምፅ ሊሰነጠቅ ሲል ዱምዱም ወፍራሙን ክር ባላት ኃይል ትመታዋለች፤ ስንጥቁ እዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ይጠፋል። በዚህ በጣም ጎበዝ ሆናለች፤ ግን በጉብዝናዋ አንድም ቀን አልኮራችም።

ትልቁ ኮንሰርት ያለበት ከተማ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ዕቃቸውን ሆቴሉ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ደወል መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የፈላ ውሃ ላይ አጎንብሳ፣ ፎጣ ተከናንባ እንፋሎት መሳብ ጀመረች። ዱምዱም የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ጣቶቿን ታንኳኳለች።

«ማውራት እያቃተሽ ነገ እንዴት ልትዘፍኚ ነው?»

«ነገ አንቺ አለሽ አይደል?» አለች ደወል ከፎጣው ውስጥ። ድምጿ የአሮጌ በር ድምፅ ነበር።

«ክሩ እኮ ከዚህ በታች አይሠራም። ይንጣጣል እንጂ ድምፅ አያወጣም። በምን ልሸፍንሽ?»

«አቦ አታካብጂ! አንድ ቀን ነው።»

«ባለፈውም አንድ ቀን ነው ብለሽኛል። ከዚያ በፊትም።»

ደወል ፎጣውን ከራሷ ላይ ገፈፈች። ፊቷ ቀልቷል፤ ዓይኗም ጭምር። «ስሚ፣ እናትሽ ፊት ቁጭ ብዬ የለመንኩልሽ እኔ ነኝ። እዚህ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ። አሁን አሳልፈሽ ልትሰጪኝ ነው?»

ዱምዱም ጣቶቿን ማንኳኳቷን አቆመች።

ደወል ዝግ አለች። «እኔ ሌላ ነገር አልችልም፤ ገባሽ? ትምህርቱንም ለዚህ ብዬ ነው የተውኩት። ካልዘፈንኩ ማን ነኝ?» ከዚያ ፎጣዋን መልሳ ተከናነበች። የዱምዱምን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠረችው።

ዱምዱም ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አልቻለችም። ደረጃውን ወረደች፤ ምን ልታደርግ እንደወረደች ጠፍቷት ተመልሳ ወጣች፤ እንደገና ወረደች። የመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ስትሽከረከር ሾፌሩ ሚኒባሱን እያጠበ «ሰላም ነሽ? ዕቃ የጠፋው ሰው መሰልሽ እኮ» አላት። «ሰላም ነኝ» ብላው አለፈች።

አጎቷ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የድራሙን ቆዳ ሲያጠብቅ አገኘችው። እያፏጨ ነበር። እዚህ ከተማ፣ እዚህ መድረክ ላይ ለመጫወት እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ነው የሚመኘው።

«ጋሼ» አለችው።

«አቤት የኔ ቆንጆ።»

«ጋሼ... ሰው ለሰው ብሎ...» ጀመረችና ተወችው። «ምንም። የምሳ ሰዓት መቼ ነው ልልህ ነው።»

«አንቺና ሆድሽ!» ብሎ ሳቀ።

ሸሸች። ተናድዳለች፤ በደወል ሳይሆን በራሷ። ምክንያቱም አፏን የያዛት የደወል ልመና ብቻ አልነበረም። ነገ እዚያ ትልቅ መድረክ ላይ መቆም እሷም ትፈልጋለች። ጉዞው ከቆመ ለእሷም ያበቃል፤ ወደ ቤት፣ ወደ ደብተርና እርሳስ ነው። የደወል ድምፅ ለዘላለም ይጠፋ ይሆናል ስትል ይጨንቃታል፤ ወዲያው ደግሞ ልቧ «ነገ ብቻ ይለፍ» ይላታል። ይህ ከሁሉም በላይ አሳፈራት።

ከሰዓት በኋላ ለድምፅ ሙከራ ወደ አዳራሹ ሄዱ። ባዶ አዳራሽ ነው፤ ሳል እንኳ ግድግዳውን ዞሮ ይመለሳል። ቀጮ ጊታሩን ዝቅ ባለው ቅኝት ቃኝቶ ሲመታው «ስሙልኝማ ይሄን ጨለማ!» እያለ ፈነደቀ። ዱምዱምም እንደተባለችው ወፍራሙን ክር አላላች። ክሩ የጊታሩን አንገት እየገረፈ ተንጣጣ። ደወል ከማይኩ ፊት ሆና ዞር ብላ አየቻትና በአውራ ጣቷ «አሪፍ ነው» የሚል ምልክት ሰጠቻት።

አጎቷ ቆጠረ፤ ጀመሩ። መጀመሪያው ደህና ሄደ። አዝማቹ ሲቃረብ ዱምዱም የደወልን አንገት አየች፤ ደም ሥሮቿ ተገታትረው ወጥተዋል፤ ሊያነሳው የማይችለውን ሸክም የሚያነሳ ሰው አንገት ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ሰዓት ዱምዱም የምታየው ጣቶቿን ነበር። አንገቱን አይታው አታውቅም።

የመምቻው ጊዜ ደረሰ። ዱምዱም እጇን ከክሮቹ ላይ አነሳች።

የደወል ድምፅ ብቻውን ወጣ። ተሰነጠቀ፤ ከዚያ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ፤ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ግድግዳው ያንኑ መልሶ አሰማቸው።

አጎቷ ድራሙን አቆመ። ቀጮም አቆመ። አጎቷ ያየው ግን ወደ ዱምዱም ነበር። «ምነው ልጄ፣ የት ጠፋሽ? አንቺ ስትጠፊ እኮ ዘፋኟም ጠፋች። ደከመሽ እንዴ?»

ደወል ዞራ አየቻት። ዓይኖቿ ይለምኑ ነበር። «አዎ ደክሞኛል» ማለት ብቻ ነው። አጎቷ ይስቃል፤ ትንሽ ያሾፍባታል፤ ነገሩም ያልፋል። ነገም ይመጣል።

«አልደከመኝም» አለች ዱምዱም። ድምጿ እንዲህ ቀጭን ሆኖ መውጣቱ አስገረማት። «አውቄ ነው ያቆምኩት።»

«አውቀሽ? ለምን?»

ዱምዱም ወደ ደወል አየች እንጂ አልመለሰችም። የእሷ ያልሆነውን ነገር ልትናገር አልፈለገችም። ልትሸፍነውም አልፈለገችም።

«እነዚህ ልጆች ዛሬ ምን ነካቸው?» አለ አጎቷ። «በሉ፣ ከአዝማቹ እንደገና!» ዱላዎቹን እያጋጨ መቁጠር ጀመረ።

ዱምዱም ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ደወል አየቻት። በመጀመሪያ በንዴት ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ለረጅም ጊዜ የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀች መሰለች። ማይኩን ከአፏ አራቀችው።

«አትቁጠር ጋሼ» አለች በዚያ በሻከረ፣ ሁሉም አሁን ጥርት አድርጎ በሰማው ድምጿ። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ቀጮ አምፕሊፋየሩን አጠፋ። ዱምዱም ቤዟን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ከደወል ጎን ቆመች።