ከግንቡ ሥር ያለው ቧንቧ

ኢብሳ የተገኘው ደረቱ ድንጋይ ላይ፣ ፊቱ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ሲገለብጡት አንዱ ዓይኑ በቦታው አልነበረም። አስከሬኑን ካገኙት ሠራተኞች አንዱ ሮጦ ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ከካዛንቺስ ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደች። ሟቹ መንግሥት ወንዙን ለማጽዳት በመደበው በጀት የተቀጠረ መሐንዲስ ነበር፤ ሥራውም ቆሻሻ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከየት እንደሚገባ ማጣራት። አጠገቡ ክዳኑ የተገነጠለ ጣሳ ወድቋል። በደረቁ ድንጋይ ላይ የሸክላ አቧራ የሚመስል ቀይ ዱቄት ተበትኗል። የሺሃረግ ዱቄቱን በጣቷ ነካ አደረገችው። በሃይላንድ ውሃ ስትታጠብ ግን ከጣቷ የወረደው አረንጓዴ ነበር።

ፖሊሶቹ ከቁጥቋጦው ውስጥ ደምና ፀጉር የተጣበቀበት የመኪና ክሪክ ዘንግ አወጡ። ዘንጉ ወንዙ ዳር ጋራዥ ያላቸው የአቶ መሐመድአሚን ነው።

«የእኔ ነው፤ አልክድም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ጋራዤ አጥር የለውም። ማንም ገብቶ ያነሳዋል።»

«ከኢብሳ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» ስትል የሺሃረግ ጠየቀቻቸው።

«ኧረ ልጄ! ‹ወንዙን የምታበላሸው አንተ ነህ፣ ቦታውን ልቀቅ› ያሉኝ የጽዳት ፕሮጀክቱ አለቃ አቶ በድሉ ናቸው። ኢብሳማ ‹አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ቆሻሻው የእርስዎ መሆኑን ሳላጣራ ማንም አይነካዎትም› ነው ያለኝ።»

ቀጥሎ የወንዙን ዳር ግንብ የሠራው ኮንትራክተር ደቻሳ ቀረበ። የቀኝ እጁ ተልጧል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ ሰው ሰምቷል» አለችው።

«አዎ ተጯጩኸናል! ግንብህን አስፈርሰዋለሁ አለኝ። በቃ፣ ደሜ ፈላ። እጄን ግን የላጠው ድንጋይ ነው።»

«ለምን ያስፈርሰዋል?»

«የዚያን የወደቀውን የቀለም ጣሳ እሽግ እዚሁ ፊቴ ነው የቀደደው። ‹ከላይ ያለው አዲሱ ሕንፃ ፍሳሽ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ቀለሙ በግንብህ ሥር ከወጣ ጉድህ ፈላ› አለኝ።»

«ከግንቡ ሥር ምን አለ?»

ደቻሳ አቀርቅሮ የተላጠ እጁን አሻሸ።

የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በድሉ ስታዲየም አካባቢ ካለው ቢሮው የላፕቶፕ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። አስከሬኑን ሲያይ አለቀሰ።

«ትናንት እዚህ ወርደው ነበር?» ስትል የሺሃረግ ጠየቀችው።

«በጭራሽ። ሳምንቱን ሙሉ እግሬ እዚህ አልረገጠም። ማለቴ፣ ሪፖርት ላይ ነበርኩ።»

«ቦርሳዎ ስፌት ውስጥ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

በድሉ ቦርሳውን ጠረግ አደረገ። «የሸክላ አቧራ ነዋ። ሰንጋ ተራ፣ ቤቴ አጠገብ ግንባታ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ግንቡ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ዘንጉን የወሰደው አቶ መሐመድአሚን እንዲጠረጠሩ ነው» አለች። «እሳቸው ግን ከስማቸው ላይ እድፉን የሚያነሳላቸውን ሰው ለምን ይገድላሉ? አቶ ደቻሳ፣ ዘብጥያ ከመውረድዎ በፊት ይናገሩ። የአዲሱን ሕንፃ የፍሳሽ ቧንቧ በግንብ ሸፍን ያለዎት ማነው?»

ደቻሳ በድሉን አየው። «እሱ ነው። የሕንፃው ፍሳሽ ወደ ዋናው መስመር እስኪገባ ለጊዜው ነው ብሎኝ።»

«ቧንቧው ቢታይ ደግሞ ‹ወንዙ ጸድቷል› የሚለው ሪፖርት ውሸት ይሆናል፤ በጀቱም ይታገዳል» አለችና ወደ በድሉ ዞረች። «ጣሳው የተከፈተው ትናንት ነው። ክዳኑ የተገነጠለው ከኢብሳ ጋር ስትታገሉ ነው፤ የቀለሙ ዱቄትም ያኔ ነው የተበተነብዎት። ልብስዎን ቀይረዋል፤ ቦርሳዎን ግን አልቀየሩም። ሸክላ ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ይህ ግን…»

የሃይላንዱን ውሃ ቦርሳው ላይ ደፋችው። ከስፌቱ ደማቅ አረንጓዴ ውሃ በበድሉ ሱሪ ላይ ወረደ።

በድሉ ቦርሳውን ፊቷ ላይ ወርውሮ አንገቷን አነቀ። ጭንቅላቷን ከግንቡ ጋር አጋጨው። አቶ መሐመድአሚን ክንዱን ቢይዙት በክርኑ አፍንጫቸውን ሰበራቸው። ደቻሳ በተላጠ እጁ መንጋጋው ላይ ሲያሳርፍበት ነው የለቀቃት።

በድሉ ተንበርክኮ ደምና ጥርስ ተፋ። «አንዴ ብቻ ነበር ልመታው ያሰብኩት» አለ። «እየተነሳ ስሜን ጠራኝ። አብረን ነው የተማርነው… ስሜን ሲጠራኝ ማቆም አቃተኝ።»

የሺሃረግ እየሳለች ካቴናውን አጠለቀችለት።

«እዚህ ለማስረጃ ፎቶ አንስታችሁ ጨርሳችኋል?» አላት ደቻሳ።

«ጨርሰናል።»

ደቻሳ ግንቡ አጠገብ የቆመው መቆፈሪያ ስካቫተር ላይ ወጣ። በገዛ እጁ የሠራውን ግንብ ደጋግሞ መታው። ድንጋዩ ሲናድ በርሜል የሚያህል ቧንቧ ብቅ ብሎ ጥቁር ፍሳሹን አጎረፈው። ሽታው ከላይ መንገዱ የሚያልፍበት ድልድይ ላይ ድረስ ወጣ። ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ የሚጠብቁት ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው፣ አንድ በአንድ ወደ ድልድዩ አጥር እየተጠጉ ቁልቁል ማየት ጀመሩ።